የጦስኙ መጋዘን ቁልፍ

ዕድሜዬን ሙሉ ሌባ ተብዬ የማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተባልኩትም በቅጠል ነው። ያሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ይህን የሚያነብላቸው ልጅ አያጡም። ያንብብላቸው።

ያኔ ባሌ ከሞተ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ከገሳይ ከተማ ወደ ጉና ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ እሱ ከተከለው ባሕር ዛፍ ሥር ባለች ቤት ብቻዬን እኖር ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለተማርኩ፣ የሠፈራችን ሴቶች ጦስኝ እየለቀምን ለመሸጥ ስንደራጅ ሊቀ መንበር አደረጉኝ። ጦስኝ ጉና ላይ ድንጋይ ለድንጋይ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ደቃቅ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ ነው። ለሳል ያላፈላው ቤት የለም። ደብረ ታቦር ያለ አንድ ነጋዴ በትንንሽ ከረጢት እያሸገ በየከተማው ይልከው ነበርና እሱ ይረከበን ጀመር። ከማሸጉ በፊት ግን ቅጠሉን ላቦራቶሪ ያስመረምራል። ሰው ለመድኃኒት ብሎ የሚጠጣው ስለሆነ ሌላ ነገር ቢገኝበት ተጠያቂው እኔ ነኝ ይል ነበር።

መጋዘናችን የአያ ጫኔ አሮጌ ቤት ነበር። አያ ጫኔ የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ ድሮ በግ ያሳድሩበት የነበረውን ቤት አስጠርገው በነጻ ሰጡን። ቁልፉን እኔ በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እይዝ ነበር። እያንዳንዷ ሴት የለቀመችውን ቤቷ አድርቃ ታመጣለች፣ እኔ ከፍቼ ጆንያዋን አስቀምጣለሁ፣ እዘጋለሁ።

አንጓችንም አሁኑኑ ላስተዋውቃችሁ። የሟች ባሌ እህት ናት። ወንድሟ ሲሞት ባሕር ዛፉ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ይገባ ነበር ብላ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳለች፤ ተፈርዶብኝ ሳይሆን ተፈርዶልኝ ተመለስን። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ እግሬን እያየች «እንደምን ዋልሽ» ትለኛለች። እጅ አንነሳሳም፣ አንሳሳምም። ማኅበሩ ውስጥ ስትገባ ለምን እንደገባች ገብቶኛል ብዬ ነበር። ጠባቂ ሆና ነው የገባችው።

አንድ ቀን ነጋዴው ራሱ መጣ። ከመኪናው አልወረደም። የወሰደውን ጦስኝ ከነጆንያው አስወረደና፣ ቅጠላችሁ ባሕር ዛፍ ተገኝቶበታል፣ ሚዛን እንዲያነሳ ብላችሁ ቀላቅላችኋል፣ የሚቀጥለው ጭነት እንዲህ ከሆነ ሌላ አገር ፈልጌ እገዛለሁ ብሎን ሄደ። ሴቶቹ መኪናውን አቧራው እስኪረግብ በዓይናቸው ሸኙት። ከዚያ ሁሉም አንገቴን አዩ። ባሕር ዛፍ በየቤቱ አለ፤ ለመጋዘኑ የሚቀርበው ግን የእኔ ነው። ቁልፉም እኔ ጋ ነው።

በማግስቱ አውጫጭ ተጠራ።

አውጫጭ ለማታውቁ ልንገራችሁ። አጥፊው ያልታወቀ ጥፋት ሲደርስ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል። እያንዳንዱ እየተነሳ ብቻውን ወደ ሽማግሌዎቹ ቀርቦ ያየውን የሰማውን በጆሯቸው ይነግራል። የሚያውቅም የማያውቅም ይቀርባል፤ ማን ምን እንዳለ እንዳይለይ። ነገሩን ያወጣው ሰው ስሙ ወፍ ነው። ሽማግሌዎቹ «ወፍ እንዲህ አለች» ይላሉ እንጂ ወፏን አይጠሩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ላይ ተቀመጥን። አንድ በአንድ ቀረብን። አንጓች ስትቀርብ አፏን አየሁት፤ በነጠላዋ ሸፍናው ነበር። የሁሉም ካበቃ በኋላ አያ ጫኔ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስሜን ጠሩ።

«ውድነሽ፣ ወፍ አንቺን ጠርታለች።»

«ምን አየሁ ብላ?»

«አላየችም። አሸተተች። ከመጋዘኑ በወጣሽ ቁጥር ልብስሽ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል ብላለች።»

ቤቴ ባሕር ዛፍ ሥር ነው፣ ምን ሊሸት ኖሯል አልኳቸው። ሳቅ የሰማሁ መሰለኝ። አያ ጫኔ፣ እንግዲያው በታቦቱ ፊት ምለሽ ነጻ ውጪ አሉኝ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይረዳኝም። አባቴ እውነትም ቢሆን አይምልም ነበር። በልጅነቴ በሬው ተሰርቆ ተገኝቶ፣ የእኔ ነው ብለህ ማል ሲባል ለሌባው ትቶለት መጥቷል። እኔም አልምልም አልኩ። ለሽማግሌዎቹ ይህ ራሱ ጥፋትን እንደማመን ተቆጠረ። እስከ መጪው እሑድ ካልማልሽ ከማኅበሩም ከእድሩም ትወጫለሽ ተባልኩ። ከማኅበሩ ብወጣ ድንች ዘርቼ እበላለሁ። ከእድር የወጣ ሰው ግን ሲሞት ጉድጓዱን የሚቆፍርለት የለም። ልጅ አልወለድኩም። ማን ያነሳኛል?

«ቅጠሉ ይመስክርልኝ» አልኩ። አያ ጫኔ ራሳቸው ከሦስት ቦታ ቆንጥረው እንዲያስሩልኝ ጠየቅሁ፦ ከመጋዘኑ ጆንያ፣ እኔ ቤት ጣሪያ ሥር በቅርጫት ከተሰቀለው፣ አንጓች ቤት ካለው። የአንጓችን ለምን እንደጨመርኩ አልተደበቀባትም። ከቤቷ ባሕር ዛፍ ቀላቅላ ታመጣለች ብዬ ጠርጥሬ ነው። እሷም ከተቀመጠችበት፣

«ይቆንጠር» አለች። «ግን ብቻዋን አትሄድም። መንገድ ላይ ትለውጠዋለች። እኔ አብሬ እሄዳለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። ሦስቱ ቋጠሮ ታሰረ፣ በእያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ አያ ጫኔ የጧፍ ሰም አንጠባጠቡበት። ወዳጄ የሺ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ እህት የምትሆነኝ፣ ዳቦና ቆሎ ቋጠረችልኝና አቅፋ ስማኝ «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» አለችኝ። ከሠፈሩ ሴት ሁሉ ያቀፈችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ረቡዕ ጠዋት ከገሳይ ሚኒባስ ተሳፈርን። ቋጠሮዎቹን ጭኔ ላይ አደረግሁ፤ አንጓች እጄን እያየች ከጎኔ ተቀመጠች። ረዳቱ ሴትዮ ዕቃሽን ጣሪያ ላይ ስቀይው ሲለኝ ሁለታችንም በአንድ አፍ «አይሰቀልም» አልነው። እስከ ደብረ ታቦር የተናገርነው ያችን ብቻ ነው። ከመናኸሪያው በባጃጅ ላቦራቶሪው ድረስ ሄድን።

የተቀበለችን ትዕግሥት የምትባል ነጭ ካፖርት የለበሰች ልጅ ናት። አነጋገሯ የአገራችን የፋርጣ ገበሬ ልጅ መሆኗን ይናገራል። እኔ ግን እሷንም አላመንኳት። የነጋዴውን ቅጠል መርምሮ ጥፋተኛ ያለን ቤት ይኸው ቤት ነው፤ ከነጋዴው ጋር አብረው የሚበሉ ቢሆኑስ?

«እናቶቼ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንዳችሁ ውጭ ብትጠብቁኝ?» አለች።

«እሷ ከወጣች እወጣለሁ» አለች አንጓች።

«እሷ ትቅደም» አልኩ።

ልጅቷ አንዴ እኔን አንዴ አንጓችን አየችና ሳቋን ዋጠች። «በሉ ሁለታችሁም ተቀመጡ። ዕቃ ግን እንዳትነኩብኝ።»

ሰሙ እንዳልተነካ አንጓችም እኔም በየተራ ካየን በኋላ የመጋዘኑ ቋጠሮ ተፈታ። ትዕግሥት ቅጠሉን መዝና ከውሃ ጋር ሆዱ ክብ በሆነ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋ አፈላችው። እንፋሎቱ በሌላ ቀጭን ብርጭቆ እያለፈ ይቀዘቅዛል፤ ከውሃው በላይ ስስ ዘይት ይንሳፈፋል። የቅጠሉ መድኃኒት እሱ ነው አለችን።

«አረቄ ነው እንዴ የምታወጭው?» አለች አንጓች።

«አወጣጡ እንደ አረቄ ነው፣ እትዬ። ግን አይጠጣም።»

«ለአንዳንዱ ሰው ሲሆን እሱም ይጠጣል» አለች ወደ እኔ ዞራ። ሟች ባሌ በመጨረሻው ዘመኑ መጠጥ ያበዛ ነበር፤ እኔ እንዳስጀመርኩት ታወራለች። ዓይኔ ዘይቱ ላይ ነበር።

የእያንዳንዱ ቋጠሮ ማፍላት ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ሲመሽ አንዱ ቀርቶ ነበር። ትዕግሥት ቁም ሣጥን ውስጥ ልቆልፍበት ስትለን እምቢ አልናት። የወጣውንም ዘይት አፉን በጧፍ ሰም አሽገን ነው የተውንላት። የአንጓች ዘመድ ቤት አደርን፤ የቀረችውን ቋጠሮ መካከላችን አድርገን ተኛን፤ ተኛን ከተባለ።

በማግስቱ የሦስተኛው ዘይት ወጥቶ እንዳለቀ ትዕግሥት ነጭ ዱቄት የተቀባች ቁራጭ መስታወት አመጣች። ከግርጌዋ ጎን ለጎን አራት ነጥብ አንጠባጠበች፦ የመጋዘኑ፣ የእኔ፣ የአንጓች፣ አራተኛው ደግሞ ለማነጻጸሪያ ንጹሕ የባሕር ዛፍ ዘይት። መስታወቷን ጥቂት ፈሳሽ ባለበት ማሰሮ ውስጥ አቆመቻት። ፈሳሹ ዱቄቱን እየበላ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ዘይቶቹን ይጎትታቸዋል፤ እያንዳንዱ ዘይት የሚቆምበት የራሱ ከፍታ አለው አለችን። ባሕር ዛፍ የቆመበት ቦታ ሌላ ነገር አይቆምም ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ጦስኝም የዚያ ዓይነት ነገር ጭላንጭል አለው፣ የሚታየው ግን ብዛቱ ነው አለች።

መስታወቷ ደረቀች። የሆነ ነገር ረጨችባትና አሞቀቻት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ቀስ እያለ ቀይ ወጣ፤ በሦስቱም የጦስኝ ረድፍ እኩል ከፍታ ላይ። ጦስኙ ነው። ቀጥሎ በአራተኛው ረድፍ ሰማያዊ ነጥብ ወጣ። ዓይኔን ከእሱ ወደ ግራ ጎተትኩት። በአንጓች ረድፍ፣ ምንም። በእኔ ረድፍ፣ ምንም። በመጋዘኑ ረድፍ፣ ሰማያዊ፤ ከአራተኛው ጋር በአንድ መስመር፣ ቁልጭ ብሎ።

አንጓች ወደ መስታወቷ ጎንበስ አለች። ማንበብ አትችልም፤ ይህን ግን አነበበችው።

«ከእኔ ቤት የለም» አለች። «ከእሷም ቤት የለም። መጋዘኑ ውስጥ ነው የገባው።» ቀና ብላ አንገቴን አየች። «ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

እጄ ሳላዘው አንገቴ ላይ ወጥቶ ነበር። ነጻ ያወጣኛል ብዬ ተሸክሜው የመጣሁት ቅጠል አሳሰረኝ። ትዕግሥት ሁለታችንን አየችን። ነገሩ ምን እንደሆነ፣ እሑድ ምን እንደሚጠብቀኝ በአጭሩ ነገርኳት። እንባ አላስወጣሁም፤ አንጓች ፊት አላለቅስም።

ልጅቷ ከመጋዘኑ ቋጠሮ የተረፈውን ቅጠል ነጭ ወረቀት ላይ ዘረገፈችው። አጉሊ መነጽር ይዛ በመርፌ እያገላበጠች ፍሬ በፍሬ ለቀመችው። እኛ ቆመን አየናት። የምሳ ሰዓት አለፈ። ስትጨርስ መነጽሩን አስቀመጠች።

«ባሕር ዛፍ ቢቀላቀልበት ኖሮ ቁራጭ ቅጠሉን አገኝ ነበር። የቱንም ያህል ቢደቅቅ አይጠፋም። እዚህ ውስጥ ጦስኝ ብቻ ነው ያለው። ዘይቱ አለ፣ ቅጠሉ የለም።»

«እንዴት ይሆናል?» አልኩ።

«የደረቀ ቅጠል ሽታ ይጠጣል፣ እትዬ። ከምን ጋር ነው ያስቀመጣችሁት? መጋዘኑ ውስጥ ምን አለ?»

«ጆንያ ብቻ ነው።»

«ከጆንያው ሥርስ?»

አንጓች ከጎኔ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። ከፍርድ ቤቱ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ቁንጫ» አለች አንጓች።

ትዕግሥት አልገባትም ነበር፤ ወዲያው ግን የገበሬ ልጅ ናትና ገባት። በግ ባደረበት ቤት ቁንጫ አይጠፋም። ለቁንጫ ደግሞ እኛ አገር መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ታነጥፋለህ። መኝታ ሥር እናነጥፋለን፣ እህል ሥር እናነጥፋለን። ልማዳችን ስም ስለሌለው፣ አውጫጭ ላይ እንኳን ማንም አላሰበውም። እያንዳንዷ ሴት ጆንያዋን ስታመጣ በሌላ እጇ አንድ እቅፍ ቅጠል ይዛ ትመጣ ነበር፤ ጆንያዋ መሬት እንዳይነካ። እኔም በሩን እየከፈትኩ አስገባ ነበር። ንጹሕ እናደርገዋለን ብለን በገዛ እጃችን ያበላሸነው ለካ እኛ ሁላችን ነን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንጓች በመስኮት እያየች ተቀመጠች። ገሳይ ልንደርስ ስንል ብቻ፣ «ዝም ልል እችል ነበር» አለች። «ትችይ ነበር» አልኳት። ሌላ አልተጨመረም።

እሑድ ሜዳው ላይ ትዕግሥት ያለችውን ተናገርኩ። አንጓች ምስክር ሆና፣ እውነት ነው አለች፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አላከለችልኝም። ሁላችን ተነስተን ወደ መጋዘኑ ሄድን። ከፈትኩ። ጆንያዎቹ ሲነሱ ወለሉ ቁርጭምጭሚት የሚያሰጥም የባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር፤ የላዩ እርጥብ፣ የሥሩ የደረቀ። ሽታው አንዱን ሽማግሌ አስነጠሳቸው። ሴቶቹ ያነጠፉትን ቦታ እያዩ አንገታቸውን ደፉ።

«እንግዲህ» አሉ አያ ጫኔ፣ «አጥፊው ቁንጫ ኖሯል። ስሙን ከእድር እንፋቀው።»

ተሳቀ። ጥሩ ሳቅ ነበር፤ ሸክም የወረደለት ሕዝብ ሳቅ። እኔ አልሳቅሁም። ይቅር በይን አሉኝ፤ አያ ጫኔ እንኳ ቆባቸውን አውልቀው ለመኑኝ። ይቅር እላለሁ፣ ወፏ ማን እንደነበረች ንገሩኝ አልኳቸው።

«የወፍ ስም ወጥቶ ያውቃል? አባቶቻችን ያላደረጉትን?»

«እንግዲያው እናንተ አትንገሩኝ።»

ክሩን ከአንገቴ አወጣሁና ቁልፉን በሩ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት።

«እኔ ከእንግዲህ አልይዘውም። ወፏ ታንሳው። ሰው የሚጠረጥር ሰው መጠበቅ ያውቅበታል።»

ማንም አልተነቃነቀም። ያነሳች ሴት ወፍ ናት። ሁሉም ይህን ተረድቷል። ወዳጄ የሺ የነጠላዋን ጥለት ጣቷ ላይ ትጠመጥም ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ወንጀለኛ መሬት መሬት ያያሉ። ዝምታው ረዘመ፤ ደስ አለኝ፤ አልዋሻችሁም።

ከዚያ አንጓች ተነሳች። በመካከላችን አልፋ መጥታ ቁልፉን አነሳችና ክሩን አንገቷ ላይ አጠለቀችው። «ማክሰኞ ነጋዴው ይመጣል። በር የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል» አለች። ወደ እኔ አላየችም። መጥረጊያ አንስታ ቅጠሉን ትጠርግ ገባች።

ሰው ሁሉ ዓይኑን አፍጥጦ አያት። እኔም ቤቴ እየገባሁ፣ በአፏ ባትናገር በእጇ ተናገረች አልኩ። ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እንዲህ እያልኩ ዓመታት አወራሁ።

ቆጥ ተሠርቶ ጆንያው ከመሬት ተነሳ፤ ባሕር ዛፍ መጋዘኑ በር እንዳይደርስ ተከለከለ። የቀጣዩ ጭነት ምርመራውን አለፈ፤ ነጋዴውም ሌላ አገር አልሄደም። ሊቀ መንበርነቱን ለቀቅሁ። ከእድሩ ስሜ አልተፋቀም። ቁልፉ ዛሬም አንጓች አንገት ላይ ነው፤ አርጅታ ጎብጣለች፣ ክሩ ተለውጧል። አንድ ጊዜ ውሰጅልኝ ብላ ሰው ልካብኝ ነበር። አልወሰድኩም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ሰው ማመን ተማርኩ እንድላችሁ አትጠብቁ። የተማርኩት መስታወቷ ላይ ያየሁትን ነው። ሁሉም ነገር የሚቆምበት የራሱ ከፍታ አለው፤ ታግሶ ለቆመ ሰው ይለያል። የእኔ ብዙ ዓመት ፈጀ።

አንድ ቀን፣ ሌላ ነገር እያሰብኩ ድንች ስቆፍር፣ የወፏ ቃል እንደ አዲስ መጣብኝ። አላየሁም፣ አሸተትኩ ነው ያለችው። ከመጋዘኑ በወጣሽ ቁጥር። መቆፈሪያውን ይዤ ቆምኩ። የሰው ልብስ ከመንገድ ማዶ አይሸትም። የእኔን ልብስ ያሸተተች ሴት በወጣሁ ቁጥር ደረቴ ድረስ የምትቀርብ ሴት ናት። አንጓች ደግሞ ከፍርድ ቤቱ ቀን ጀምሮ አንዴም አልሳመችኝም።

የሺ አሁንም በየበዓሉ ትመጣለች። ዳቦ ታመጣልኛለች። በሩ ላይ አቅፋ ስትስመኝ ዝም ብዬ እቆማለሁ፤ ትንፋሿን ስትስብ እንድሰማ።